ለልጁ መንገር ያፈረ አባት

አንድ ሰው ነበር። ጎሚስታ ነው። ከኮምቦልቻ መውጫ ላይ፣ ከባድ መኪኖች በሚቆሙበት ሰፈር፣ በቆርቆሮ በተሠራች ጠባብ ቤት ውስጥ ጎማ ይለጥፋል።

ይህን ሰው አግኝቼዋለሁ። ባለፈው ክረምት ከደሴ ስመለስ ጎማዬ ተነፈሰና እሱ ዘንድ ቆምኩ። ዝናብ ስለነበር ሁለት ሰዓት ያህል አብረን ተቀመጥን። ሰባኪ መሆኔን ሲያውቅ፣ "እንግዲያው አንድ ነገር ልንገርዎት፤ እርስዎ ደግሞ ለሰው ይንገሩልኝ" አለኝ። ስማችንን ግን ይቀይሩ አለ። ቀይሬዋለሁ። እሱን አበጋዝ እንበለው፤ ልጁን ትርሲት። እሷንም እዚያው ቁጭ ብለን በስልክ አስፈቅዷታል።

አበጋዝ ሚስቱ ሞታበታለች። የማኅፀን ጫፍ ካንሰር ነው የገደላት። ሕመሙ የጀመራት በደም መፍሰስ ነው። ይመጣል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይመለሳል። እንዲህ እያለ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀር አረፈች። ልጅቷ ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር።

የስምንት ዓመት ልጅ ታያለች፣ ወገኖቼ። ሳፋ ውስጥ የተዘፈዘፈውን ጨርቅ ታያለች። ውኃው መቅላቱን ታያለች። "እማዬ ምን ሆና ነው?" ብላ ትጠይቃለች። ትልልቆቹ ምን አሏት? "ምንም አልሆነችም፣ ሂጂ ተጫወቺ" አሏት። አባቷን ጠየቀችው። "ሆዷን አሟት ነው" አላት።

ከዚያ እናቷ ሞተች። ለቅሶ ሲሆን ልጅቷን ጎረቤት ወስደው አስተኟት። ስትመለስ የእናቷ አልጋ ከቤት ወጥቷል።

ስለዚያ ደም ማን ነገራት? ማንም።

አበጋዝ ክፉ አባት እንዳይመስላችሁ። እኔ ብዙ አባት አይቻለሁ፤ እንደሱ ያለ ጥቂት ነው። ሹሩባ መሥራት አይችልም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጸጉር ቤት ወስዷት፣ ሴቶቹ እየሳቁበት፣ እስክትጨርስ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። የወላጅ ስብሰባ ሲጠራ እጁን በቤንዚን አጥቦ፣ በሳሙና ደግሞ፣ ከሁሉም ቀድሞ ይገኛል። ማታ ሽሮውን እሱ ይሠራል፣ እሷ ትምህርቷን ጮክ ብላ ታነብለታለች። ብዙ ይጫወታሉ። ስለ ሾፌሮቹ፣ ስለ አስተማሪዎቿ፣ ስለ ጎረቤት ውሻ ሳይቀር።

አንድ ነገር ብቻ አይነሣም። ቴሌቪዥን ላይ ወንድና ሴት ሲቀራረቡ አበጋዝ ይነሣና ውኃ መጥቶ እንደሆነ ለማየት ይወጣል። ዐሥር ዓመት ሲሆናት፣ "አባዬ፣ ልጅ ከየት ነው የሚመጣው?" አለችው። "እግዚአብሔር ነው የሚሰጠው" አላት።

እውነት ነው ወይስ ሐሰት? እውነት ነው። እኔም ከዚህ መድረክ ብዙ ጊዜ ብዬዋለሁ። አበጋዝ ግን ያን የተናገረው ሊያስተምራት አልነበረም። እንዳትጠይቀው ነበር። እሷም ገባት፣ ሁለተኛ አልጠየቀችም። ስንቶቻችን ነን በእግዚአብሔር ስም የልጆቻችንን አፍ የዘጋን?

እንግዲህ ትርሲት ዐሥራ ሁለት ዓመት ሆናት። አንድ ረቡዕ ከትምህርት ቤት ቀድማ መጣች። ሆዴን አሞኛል አለች። አባቷ የዝንጅብል ሻይ አፍልቶ ሰጣትና ወደ ሥራው ሄደ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጅቷ ሌላ ሆነች። ማንበቡን ተወች። እህል አስጠላት። በር ዘግታ ትታጠባለች፣ ልብሷን ራሷ ታጥባለች፣ አባቷ ሲጠጋት ትሸሻለች። ይኼ ብቻ አይደለም። አንድ ቀን ማዕድ ቤት ጠራችውና በርበሬው የት እንደሚቀመጥ፣ ሽሮው በየትኛው ጣሳ እንዳለ አሳየችው። ሌላ ቀን ጥሩ ጥሩውን ልብሷን አጣጥፋ፣ ይህ ለጎረቤቷ ለትንሿ ልጅ ይሁን አለች። ከደብተሯ ላይ ወረቀት ቀድዳ የአክስቷን ስልክ በትልልቁ ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጠፈችለት፤ አበጋዝ ስልኩ ሲጠፋበት ቁጥር አያስታውስምና።

ምን እያደረገች ነው? እናንተ ገብቷችኋል። እሱ ግን አልገባውም። የሥራ ባልደረቦቹን ቢያማክራቸው፣ "ወንድ ይዛ ነው። ልትጠፋብህ ነው፣ ጠብቃት" አሉት። አመናቸው። ሁለት ቀን ሥራውን ትቶ ከትምህርት ቤቱ ማዶ ቆሞ ጠበቃት። ብቻዋን ወጣች፣ ብቻዋን ወደ ቤት ሄደች። ምንም አላገኘባትም፣ ልቡ ግን አላረፈም።

በዐሥራ አንደኛው ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ቤቱ ጓሮ፣ ከውኃው ሮቶ ጀርባ ላስቲክ ሊፈልግ ዞረ። እዚያ ከሰው ዓይን በተከለለ ገመድ ላይ የተሰጣ ነገር አየ። ነጭ ብጥስጣሽ ጨርቅ። ከአንዱ ጫፍ ላይ ጥለቱ አለ። ወይን ጠጅ ጥለት። የሚስቱ ነጠላ ነው።

ያን ነጠላ አራት ዓመት ሙሉ ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ያኖረው ነበር። ለማንም አልሰጠውም። እኔ ስጠይቀው፣ "ሽታዋ ነበረበት" አለኝ።

ቁራጮቹን ሰብስቦ ይዞ ገባ። በጣም ተቆጥቶ ነበር። የእናትሽን ነጠላ ለምን ቀደድሽ፣ ማን ሳጥኑን ክፈቺ አለሽ፣ ከሌላ ጨርቅ ይኼ ነው የታየሽ፣ እያለ ጮኸባት። ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ሲጨርስ፣ ድምፁ ሲያልቅ፣ ቀስ ብላ እንዲህ አለችው፦

"አባዬ፣ የእማዬ በሽታ እኔንም ይዞኛል።"



"ለምን አልነገርሽኝም?" አላት።

"ታለቅሳለህ ብዬ።"

ወገኖቼ፣ ገባችሁ? በተፈጥሮ ወግ ለእያንዳንዷ ሴት ልጅ የሚመጣው ነገር ነው የመጣባት። የወር አበባ። ጓደኞቿ ጥግ ይዘው ሲንሾካሾኩ ሳትሰማ አልቀረችም። ለእሷ ግን ደም ማለት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሳፋው ውስጥ ያየችው። በአምስተኛው ቀን ሲቆም እንኳ ደስ አላላትም፤ የእናቷም እየቆመ ይመለስ ነበራ። ስለዚህ መመለሱን እየጠበቀች፣ ጨርቁንም አጥባ እያዘጋጀች፣ ቤቱን ታስተካክል ነበር። ከሞተች በኋላ አባቷ በርበሬ እንዳይቸግረው። ነጠላውንም የቀደደችው ንቃው አይደለም። እናቷን የሚሸት ነገር አጠገቧ እንዲሆን ፈልጋ ነው።

አበጋዝ ምን አደረገ? አቀፋት? አጽናናት? አይ። ወጥቶ ሄደ። አትፍረዱበት። ምን ብሎ ይጀምር? እናቱ ለእህቶቹ ስትናገር እንኳ ሰምቶ አያውቅም። በዚያ ላይ ልጁ፣ ሴት ልጁ!

ሴት ፍለጋ ሄደ። ጎረቤቱ እትዬ ሙሉነሽ ጋ ሄደ፤ በሯ ተቆልፏል፣ ገጠር ለቅሶ ሄዳለች፣ ነገ ትመጣለች አሉት። እህቱ ጋ ደወለ፤ ስልኳ ዝግ ነው። መንገድ ዳር ቆመ። ነገ እትዬ ሙሉነሽ ስትመጣ ትነግራታለች ብሎ አሰበ። አንድ ቀን ነው። ምን አለበት?

እዚያ ቆሞ ሳለ አንድ ነገር ትዝ አለው። ሚስቱ ልትሞት ጥቂት ቀን ሲቀራት እጁን ይዛ፣ "ልጄ ስታድግ እኔ የምነግራትን አንተ ንገራት። እንዳታፍር" ብላው ነበር። እሺ ብሏት ነበር። እሺ ያለው ግን እንድታርፍ ብሎ ነው። ምን ማለቷ እንደነበር እንኳ ያኔ አልጠየቃትም። አራት ዓመት ሙሉ ያ ቃል ትዝ ብሎት አያውቅም።

"ያን ጊዜ" አለኝ፣ "ሚስቴ በጣም ናፈቀችኝ። በሞተች ጊዜ እንኳ እንደዚያ አልናፈቀችኝም። አንድ ጊዜ፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ መጥታ፣ ነግራት ብትመለስ አልኩ። እኔ ውጭ እቆም ነበር።"

እሷ አትመጣም። ስለዚህ ወደ መድኃኒት ቤት ሄደ።

መድኃኒት ቤቱ ሰው ነበረበት። ተራው ሲደርስ የራስ ምታት ክኒን ስጪኝ አለ። ክኒኑን ይዞ ወጣ። በሩ ላይ ቆመ። ሰዎቹ እስኪወጡ ጠበቀና ተመልሶ ገባ። ሻጯ ወጣት ሴት ናት። ደግሞ ምን ልታዘዝ፣ ጋሼ፣ አለችው። ወደ መደርደሪያው እያየ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሞዴስ አለ። ለባለቤትዎ ነው ብትለው ባለቤቴ አርፋለች፣ ለልጄ ነው አላት። ከዚያም ያላሰበውን ተናገረ፦

"የኔ እህት፣ ምን እንደምላት አላውቅም። አንቺ አባትሽ ምን ብሎሽ ነበር?"

"ምንም አላለኝም፣ ጋሼ" አለችው። "ቢለኝ ደስ ይለኝ ነበር።"

ሱቁን በከፊል ዘጋችና ወንበር ሰጠችው። ሁሉንም ነገረችው። በሽታ እንዳልሆነ፣ በየወሩ እንደሚመጣ፣ ለምን እንደሚመጣ፣ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ ሞዴሱ እንዴት እንደሚያዝና በስንት ሰዓት እንደሚለወጥ፣ ሕመሙ ሲበረታ ምን እንደሚደረግ። አበጋዝም እንደ ተማሪ እየደጋገመ ያዘው። ሲወጣ፣ "ቆመው እንዳይነግሯት። አጠገቧ ይቀመጡ" አለችው።

ቤት ሲገባ ትርሲት ከአልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ለማልቀስ የወጣ መስሏት ነበር። አጠገቧ ተቀመጠ። መንገድ ላይ ያጠናው ሁሉ ጠፋበት። ስለ ፈተናዋ ጠየቃት፤ ፈተና የለም አለችው። ስለ ዝናቡ አነሣ። በመጨረሻ እንዲህ አለ፦

"ትርሲቴ፣ አትሞቺም።"

ቀና ብላ አየችው።

"አትሞቺም፣ ልጄ። የእናትሽ በሽታ አይደለም። እናትሽም ገና በደህናዋ ዘመን፣ በየወሩ ይመጣባት ነበር። አክስትሽም፣ አስተማሪዎችሽም። ሴት ስለሆንሽ ነው። ስላደግሽ ነው።"

ከዚያ ቀጠለ፤ እየተንተባተበ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ። አንዱን ከአንዱ እያምታታ። የማኅፀንን ነገር ሲያስረዳ ተነሥቶ ሄደና ውኃ ጠጣ። ሞዴሱ ጋ ሲደርስ ጨርሶ ጠፋበትና፣ ከእሽጉ ላይ የተጻፈውን መመሪያ፣ እኛ እዚህ ቆመን ቃሉን እንደምናነበው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ከላይ እስከ ታች አነበበላት። በደረቅ ቦታ ይቀመጥ የሚለውን ሳይቀር።

ልጅቷ ሳቀች። ከዐሥራ አንድ ቀን በኋላ።

ሳቋ ሲያልቅ ግን ጥያቄ መጣ። "እማዬስ ታዲያ ምን ሆና ነው?" አለችው። ያኔ አራት ዓመት የዘገየውን ነገር ነገራት። የበሽታውን ስም፣ እንዴት እንደጀመረ፣ ሐኪሞቹ ምን እንዳሉ። ለምን እንዳልነገራትም ነገራት፤ ራሱም ስለፈራ እንደሆነ። ትርሲት ለእናቷ ያን ቀን እንደ አዲስ አለቀሰች። እሱም አለቀሰ። ሲያለቅስ አየችው፤ አልፈራችም።

"እማዬ ብትኖር እሷ ነበረች የምትነግረኝ፣ አይደል?" አለችው።

"አዎ" አላት። "እሷ ብትሆን እንደኔ አያልባትም ነበር። ይኼን ቀን ለማየት በጣም ትመኝ ነበር፣ ልጄ።"

ከዚያን ቀን ወዲያ ትርሲት ትጠይቃለች። ያን በዐሥር ዓመቷ የጠየቀችውንም ደግማ ጠይቃዋለች። የሚያውቀውን ይመልሳል፤ የማያውቀውን፣ ቆይ ጠይቄ እነግርሻለሁ ይላታል፤ ጠይቆም ይነግራታል። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ናት፣ ጂኦሎጂ ታጠናለች። ልቧ ያዘነበለለት ልጅ እንዳለ መጀመሪያ የነገረችው ለማን ይመስላችኋል? ለጎሚስታው ነው።

ታዲያ ይህ ሰው ጎማዬን እያጠበቀ፣ ቀና ሳይል፣ ምን አለኝ? "ፓስተር፣ ሁሉም ደህና ሆነ። እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ዐሥራ አንድ ቀን ሙሉ ልጄ ሞቷን ብቻዋን ጠበቀች። እኔ እኮ አጠገቧ ነበርኩ። አንድ ሳህን እየበላን።"

ወገኖቼ፣ ልብ በሉ። ልጅቷን ያስፈራት የአባቷ ክፋት አይደለም። ጭካኔው አይደለም። ዝምታው ነው። ለልጅ ሳትነግሩት የተዋችሁት ቦታ ባዶ ሆኖ አይቀመጥም። ልጁ ራሱ ይሞላዋል። ባየው ይሞላዋል፣ በሰማው ይሞላዋል። ትርሲት በሳፋው ሞላችው። የእናንተ ልጆች በምን እየሞሉት ነው? በስልካቸው? ጥግ ይዞ በሚያወራቸው ሰው? መልካም በማያስብላቸው ሰው?

እናንተ ታፍራላችሁ። አውቃለሁ። እኔም አፍራለሁ፤ አሁን ይህን ስናገር እንኳ ከፊት ወንበር ያሉት እናቶች አንገታቸውን ሲደፉ እያየሁ ነው። ደግሞ ከልጅ ጋር ስለዚህ ማውራት ኃጢአት የሚመስለን አለን። አካላችንን ማን ሠራው? እግዚአብሔር ሲሠራው ያላፈረበትን እኛ ስንናገረው ለምን እናፍራለን?

የራሴን ልንገራችሁና ላብቃ። ዐሥራ ሰባት ዓመት ሲሆነኝ ለትምህርት ከቤት ልወጣ ሆነ። በዋዜማው አባቴ ጓሮ ጠራኝና ግንድ ላይ አስቀመጠኝ። እሱም ተቀመጠ። ሬዲዮውን ይዞ ነበር፤ ባትሪውን አወጣው፣ መለሰው፣ ደግሞ አወጣው። ረጅም ጊዜ። ከዚያ "ራስህን ጠብቅ" አለኝና ተነሣ።

ከምን? አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩትም።

ከማን እንደተማርኩ አልነግራችሁም። ያስተማሩኝ ሰዎች አይወዱኝም ነበር፤ ያስተማሩኝም ውሸት ነው፤ ዋጋውንም ከፍዬበታለሁ። አባቴ ግን ይወደኝ ነበር። አሁን ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ እሱም ካረፈ ሃያ ዓመት አልፎታል። ስብከቱን ትቼ እንደ ልጅ ልናገር፦ ያን ቀን ሊነግረኝ ፈልጎ የዋጠውን ነገር ዛሬም እናፍቃለሁ። ተሳስቶም ቢሆን፣ ተንተባትቦም ቢሆን። ድምፁን ብሰማው።

እናንተ ግን በሕይወት አላችሁ። ልጆቻችሁም አሉ። አባቶች፣ እናታቸው ትንገር አትበሉ። እናቶች፣ ትምህርት ቤት ይነግራቸዋል አትበሉ። ትልቅ ሲሆኑ አትበሉ፤ ትልቅ እየሆኑ ነው፣ እናንተ ወደዚህ ስትመጡ እንኳ እያደጉ ነው። አሳምራችሁ መናገር የለባችሁም። አሳምሮ የሚናገር ሞልቷል። እነሱ የሚፈልጉት የእናንተን ነው።

ዛሬ የመዝጊያውን መዝሙር አንዘምርም፤ ዘማሪዎቹ ይቅር ይበሉኝ። አጭር ጸሎት እናደርግና እንሄዳለን። ከሰላምታ በኋላ ግቢው ውስጥ እየቆማችሁ አታውሩ። ልጆቻችሁ ከኋላ ባለው ክፍል ትምህርታቸውን ጨርሰው በር በሩን እያዩ ነው። ሂዱና ውሰዷቸው።